የታመመ ልጅ ወላጆችን ስለ መሸከም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የአገራችን ሰው ብርቱ ኀዘን ወይም ንዴት ሲደርስበት «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቆሽት ግን ከጨጓራ በስተኋላ የተጋደመ፥ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ የሚያመነጭና የደምን ስኳር የሚቆጣጠር የሰውነት ክፍል መሆኑን ብዙዎቻችን አናስበውም። ዛሬ የምንናገረው ይህ ቆሽት በምሳሌ ሳይሆን በእውነት ስለሚቃጠልባቸው ልጆች፥ ይልቁንም በአልጋቸው አጠገብ ስለሚቀመጡት ወላጆች ነው።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፥ ቆሽት በብርቱ ሲቆጣ ምግብ ሊፈጭ የተሰጠው ፈሳሽ ወደ አንጀት ሳይደርስ በዚያው በውስጡ ሥራውን ይጀምርና የገዛ ሥጋውን ይበላል። ሕፃኑን ከእንብርቱ በላይ የጀመረው ሕመም ወደ ጀርባው ይዘልቅበታል፤ ያስመልሰዋል፤ ጕልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይቃትታል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የሐሞት ጠጠር፥ በሆድ ላይ የደረሰ ምት፥ አንዳንድ መድኃኒት፥ እንደ ጆሮ ደግፍ ያለ ተላላፊ በሽታ፥ ወደ ቆሽት ቧንቧ የገባ ወስፋትም ሊያመጣው ይችላል፤ በዘር የሚወረስም አለ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ልጆች በጥቂት ቀን ይድናሉ። ሕመሙ ሲጸና ግን ሳንባና ኵላሊት እስኪደክሙ ይደርሳል፥ ሳምንታትም በሐኪም ቤት ያልፋሉ፤ እየተመላለሰ የሚጥለው ልጅም አለ።

እንግዲህ የእናቲቱን ነገር ተመልከቱ። በአገራችን እናት ፍቅሯን የምትገልጠው በማጕረስ ነው። ይህች እናት ግን ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ለልጇ አንዲት ጕርሻ እንዳትሰጥ ተከልክላለች። ውኃ ሲለምናት ከንፈሩን በርጥብ ጨርቅ ታብሳለች እንጂ ጽዋውን ልታቀርብለት አትችልም። አባቱም የመድኃኒቱን ወረቀት ይዞ በደጅ ቆሟል፤ ወንድ አያለቅስም ተብሎ አድጓልና በኪሱ ያለውን ብር ደጋግሞ ይቈጥራል።

እዚህ ላይ በራሳችን እንመሰክር። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሕፃን ልንጠይቅ ሄደን፥ መስቀል አሳልመን ከተቀመጥን በኋላ፥ ወላጆቹን «ያልፈጸማችሁት ስለት ይኖር ይሆን? እስኪ አስቡ» አልናቸው። እናቲቱ የልጁን እግር ይዛ ዝም አለች። በዚያ ሌሊት ከልጅነቷ ጀምሮ የሠራችውን በደል ሁሉ ስትመረምር እንዳደረች ኋላ ነገረችን። የልጁ ሕመም ግን ከሐሞት ጠጠር የመጣ ነበር። ሸክም ልናነሣ ሄደን ሸክም ጨምረን ተመለስን። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ያንኑ ጥያቄ ለጌታችን አቅርበው፥ እርሱም እንዲያ የሆነው እርሱ ወይም ወላጆቹ ስለ በደሉ እንዳልሆነ መልሶላቸው ሳለ፥ እኛ ይህን ስንት ጊዜ በዐውደ ምሕረት ስናስተምር ኖረን በዚያች ክፍል ረሳነው።

ስለ ጠበልም የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በግልጥ መምከራቸው የሚታወስ ነው፤ ለዚህም ሕመም ከዚህ የተለየ ምክር የለንም። ሐኪሙ በአፉ ምንም እንዳይገባ ባዘዘ ጊዜ ጠበሉን ግንባሩን ማስነካት ይበቃል። ቆሽቱ ተጐድቶ ኢንሱሊን፥ ወይም ከምግብ ጋር የሚዋጥ መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ካላችሁ፥ ለአንዲት ሱባኤ እንኳ ብላችሁ አታቋርጡበት። በጾም ወራትም ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም። የምትጾመው እናትም ከድካሟ የተነሣ ወድቃ እንዳትቀር የንስሐ አባቷ ሳትጠይቀው ይምከራት።

በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው የመጡት አራት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። የተናገሩትም ቃል አልተጻፈልንም፤ ምናልባት የሚናገሩት አልነበራቸውም። የተጻፈልን ሰው በዝቶ መግቢያ ሲያጡ ጣራውን ማፍረሳቸው ነው። ጌታችንም የተመለከተው የእነርሱን እምነት መሆኑን ወንጌላዊው ማርቆስ ይነግረናል። እድራችን ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፥ ንፍሮውን ይቀቅላል፥ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ገና በሕይወት ሳለ፥ ወላጆቹ ሌሊቱን በሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ሲያነጉ፥ ጡሩምባው ለምን አይነፋም?

የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበርተኞች ተራ ገብታችሁ አንዲት ሌሊት ብትቀመጡላቸው እናቲቱ ትተኛለች። በቤት የቀሩትን ልጆች አንዲቱ ጎረቤት ትሰብስባቸው፤ የታመመ ወንድም ያላቸው ልጆች ተረስተው ይሰነብታሉና። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው ሐኪሙ ሲናገር አብሮ ቆሞ ይጻፍላቸው፤ የደነገጠ ጆሮ የሰማውን አይይዝም። ከገጠር የመጡ እንደሆነ ማደሪያ ፈልጉላቸው። ገንፎና ቅቤ የበዛበት ወጥ ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለዚህ ልጅ ቅባት ጠላቱ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ልጃቸው በዚሁ ሕመም ያለፈ ሌሎች ወላጆች ብታውቁ አገናኙአቸው። ያ አባት ከዚህ አባት ጋር አንድ ሰዓት ቢቀመጥ፥ የእኛን የብዙ ቀን ስብከት ያስንቃል፤ ይህንም ስንል አናፍርም።

እናንተም ወላጆች መለመንን አትፈሩ። ኢያኢሮስ የምኵራብ አለቃ፥ የተከበረ ሰው ነበር፤ ስለ ልጁ ግን ሕዝብ እያየው በጌታችን እግር ላይ ወደቀ። ጌታችንም ወደ ቤቱ በደረሰ ጊዜ የሚጮኹትን ሁሉ አስወጥቶ፥ ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት በቀር አባትና እናቷን ብቻ ይዞ ገባ። ልጅቱንም ካስነሣ በኋላ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ። በሐኪም ቤት ያለችው እናት የምትጠብቀው ያችን ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ «እስኪ ትንሽ ሾርባ ሞክሪለት» የሚልባትን ሰዓት። ያን ጊዜ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሳህኑን የሚይዝላት ሰው አጠገቧ ይኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።