ሱቅ በደረቴውና የእምነት ቃሉ

(ከሒሳብና ቁጥጥር ንዑስ ኮሚቴ በወርኃዊው የቡና ፕሮግራማችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሰዎች ስለ ልብ ወለድ ሊናገሩ ሲነሡ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን እያየን ነው። የመጽሐፍ ተራው ደርሷችኋል ስትሉን የመረጥነው ግን ከሥራችን የራቀ አይደለም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የምንሰጥበት የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ውስጥ አንድ ንዑስ አንቀጽ አለ። «የገንዘብ ጉድለት የተገኘባት ገንዘብ ያዥ በሦስት ቀን ውስጥ የእምነት ቃሏን በጽሑፍ ሰጥታ ትፈርማለች» ይላል። መጽሐፉን ያመጣነው ስለዚህ አንቀጽ ለመናገር ነው።

ርእሱ «ቃል ኪዳኑ» ነው። ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ዱረንማት እ.ኤ.አ. በ1958 በጀርመንኛ ያሳተመው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሲሆን እኛ ያነበብነው የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ነው። ቀጭን መጽሐፍ ስለሆነ በሁለት ሌሊት ያልቃል፤ የመጀመሪያው ሌሊት ግን እንቅልፍ የለም።

ዙሪክ አካባቢ ባለች ትንሽ መንደር የአንዲት ሕፃን አስከሬን ጫካ ውስጥ ይገኛል። ያገኘው ፎን ጉንተን የሚባል ሱቅ በደረቴ ነው። ለፖሊስ ስልክ የደወለውም እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ አብራችሁን ደምሩ። ሰውየው የመንደሩ ልጅ አይደለም። ድሃ ነው። ከዚህ ቀደም ተፈርዶበት ያውቃል። ልብሱ ላይ ደም አለ። ከሚሸጣቸው ዕቃዎች መካከል ምላጭ አለ። መንደሩ ደምሮ ጨረሰ።

እዚህ ላይ ሙያችን አላስችል ብሎን አንድ ነገር እንበል። ድምሩ ስለገጠመ ብቻ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለት ስሕተቶች እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ድምሩን ልክ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ ድምሩ ቢገጥምም ደረሰኙን እንጠይቃለን።

ማቴይ የሚባለው መርማሪም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሰውየውን ስጡንና እንፍረድበት ይላል። ማቴይ መሣሪያ አልመዘዘም፣ አልጮኸም። ማስረጃችሁ ምንድን ነው አላቸው። ማን አየ፣ ምን አየ እያለ አንድ በአንድ አነጋገራቸው። ቁጣቸው ቀስ በቀስ በረደና ሰውየው ከመንደሩ በሕይወት ወጣ።

ስናነብ እዚህ ቦታ ላይ ተረፈ ብለን ተንፍሰን ነበር። አልተረፈም። ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ከሃያ ሰዓት በላይ እየተፈራረቁ ጠየቁት። መርማሪዎቹ ክፉዎች ሆነው አልተሳሉም፤ ሥራቸውን እንደሚሠሩ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ አመነ። ያንኑ ሌሊት ራሱን ሰቀለ። መዝገቡ ተዘጋ። ከመንጋው ያመለጠውን ሰው የጨረሰው በወጉ የተካሄደው ምርመራ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠን ይህ ነው፤ አንቀጹን በዚህ ዓይን እንድታዩልን የፈለግነውም ለዚህ ነው።

በእኛም አገር ሌባ ሻይ የሚባል ነበረ። እናቶቻችን ከእናቶቻቸው የሰሙትን ያስታውሳሉ። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ስንሰማው ያስቀናል ወይ? ያስቃል እንጂ። ግን አንዲት ሴት ተጨንቃ፣ አልቅሳ፣ ልጆቿን እያሰበች የፈረመችው ወረቀት ከዚያ ልጅ አወዳደቅ የሚሻለው በምንድን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በማስገደድ የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይደረግም፣ እንዲህ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል። እኛ ፖሊስ አይደለንም፤ ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል።

አሁን ወደ ባልትና ሱቃችን እንምጣ። የምንናገረው በባለቤቷ ፈቃድ ነው፤ ስሟን አንጠራም። አምና 4,600 ብር ጎደለ። ገንዘብ ያዧ ወደ ቢሯችን መጥታ «ዕቁቤ ሲወጣልኝ ከፍዬ እገላገል» አለችን። ይህን ብዙ ጊዜ እናያለን። ሴት ገንዘብ ያዥ ያልወሰደችውን ገንዘብ ከኪሷ ትተካለች፤ የምትሸሸው ዕዳውን ሳይሆን ወሬውን ነው። ስትከፍል ደግሞ «ባትወስድ ለምን ከፈለች» ይባላል። ብሩን አልተቀበልንም። የገቢ ማድረጊያውን ስሊፕ ይዘን ከባንኩ የሒሳብ መግለጫ ጠየቅን፤ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ገንዘቡ የገባው አንዲት ቁጥር ብቻ በምትለይ የሌላ ደንበኛ ሒሳብ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የሦስት ቀኑ አንቀጽ ያኔ ቢኖር ፊርማዋ በእጃችን ነበር። ገንዘቡ ተመልሷል። እሷ ግን ሱቁን ለሌላ አስረክባለች፤ ዛሬም እዚህ ቡናው ላይ የለችም።

አንቀጹን ያቀረቡት እህቶች ክፉ አስበው አይደለም። ገንዘቡ የሁላችን ነው፤ የለጋሾቻችንም አደራ አለበት፤ ጉድለት ሲጓተት ሪፖርት ይዘገያል። አጋሮቻችን እዚህ ስላላችሁ በግልጽ እንንገራችሁ፤ ከእኛ ፈጥኖ የተገኘ ስም አትጠብቁ። የዘገየም ቢሆን በሰነድ የተደገፈ መልስ ግን ትጠብቁ ዘንድ መብታችሁ ነው።

ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴያችን የእምነት ቃል የሚለው እንዲወጣና በምትኩ እንዲህ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ቆጠራው ገንዘብ ያዧ ባለችበት በሁለት ሰው ይደረግ። የደረሰኝ ቀሪና የባንክ መግለጫ እስኪመሳከር ሠላሳ ቀን ይሰጥ። እሷም መልሷን በራሷ ቃል ትጻፍ፤ መጻፍ ካልቻለች የመረጠችው ሰው ይጻፍላት። እስከዚያ ስሟ በስብሰባ አይጠራ። ነፃ ከሆነች ደግሞ ይኸው በቃለ ጉባኤ ተይዞ በአባላት ፊት ይነበብ። በማሻሻያው ውስጥ ይህ የመጨረሻው ጨርሶ አልነበረም።

ስለ መጽሐፉ አንድ ቅሬታ አለን። ማቴይ ሱቅ በደረቴው ገዳይ አይደለም ብሎ ብቻውን ይቀራል፤ ሥራውንም ያጣል፤ እውነተኛውን ገዳይ ለመያዝም ነዳጅ ማደያ ይዞ አንዲትን እናትና ትንሽ ልጇን አጠገቡ ያኖራል። ልጅቷን እንደ ወጥመድ ይጠቀምባታል፤ እናትየውም ነገሩን አታውቅም። ደራሲው ይህን በደል መሆኑን ያውቃል፤ እኛ ግን ስለ እናትየው ጥቂት ገጽ እንዲጨምር እንወድ ነበር።

ገዳዩ ማን እንደሆነ አንነግራችሁም። ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ የምትፈልጉ ቢሮ ባለው መዝገብ ላይ ፈርማችሁ ውሰዱ፤ ይህኛውን ፊርማ አንቃወምም። አሁን ስለ አንቀጹ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።