ሁለት በግ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የበግ ነገር ነው። ከአሁኑ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ደብተሩና ጫማው፣ የተማረበትም የከተማ ቤት ኪራይ በበግ ዋጋ ያልተከፈለለት ስንቱ ነው?

የምንናገረው መንጋ እየነዳ ስለሚመጣው ነጋዴ አይደለም። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከመሸንቲ ወይም ከአንዳሳ በኩል ተነሥቶ ሁለት በግ በገመድ እየሳበ ባሕር ዳር ገበያ ስለሚገባው ገበሬ ነው። ይህን ሰው «ገበያ አያውቅም» ሲሉት እንሰማለን፤ እኛም አንደኛ ዓመት ሳለን እንዲሁ ብለናል። ተሳስተን ነበር። በጉን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ መንታ የምትወልደው የትኛዋ እንደሆነች፣ የትኛው ጠቦት ቢቀጠቀጥ ጥሩ ሙክት እንደሚወጣው ሳይጽፍ ያስታውሳል። የሚጎዳው የሚሸጥበት ቀን ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው በግንቦትና በሰኔ ነው። የልጆች ልብስና ደብተር በመስከረም ይፈለጋል። ሕመምና ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ የላቸውም። ግንቦት ላይ ጎረቤትም እንደዚሁ ገንዘብ ይቸግረዋልና የአገሩ በግ ሁሉ ባንድ ሰሞን ገበያ ይወጣል። በዚያ ላይ በጋው ሣሩን ጨርሶታል፤ የበጉ አጥንት ይቈጠራል። ፋሲካ አልፏል፤ የሰኔ ጾምም ይከተላል። እንግዲህ ገበሬው በጉን የሚሸጠው በጉ በከሳበት፣ ሻጭ በበዛበት፣ ሥጋ ፈላጊም ሊያንስ በተቃረበበት ወር ነው ማለት ነው።

ይህ የሚደርሰው በመናኛ በግ ላይ አለመሆኑ ያሳዝናል። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ የዋሸራ በግ አጭር ጠጕር ያለው፣ ላቱ ሰፊ፣ ቁመናው ያማረ ነው፤ መንታ መውለድም ያዘወትራል። የአንዳሳው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ይህንኑ ዝርያ ሲያጠና ኖሯል። በጣና ዳር የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ሌላም ችግር አለበት። በበጋ ደጋው ሲደርቅ እርጥብ ሣር የሚገኘው ከሐይቁ ጠርዝ ካለው ረግረግ ነውና በጎቹን ወደዚያ ይነዳል። በረግረጉ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ የጉበት ትል ያሳድጋል፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ሣሩ ላይ ይለጠፋል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ከዚያ ወዲያ ቢመግቡት አይወፍርም፤ ከመንጋጋው በታች ያብጣል። ገዢ ይህን እብጠት ያውቀዋል። ጥቂት ብር የሚያወጣ መድኃኒት በጊዜው ባለመሰጠቱ የዓመት ድካም ይጠፋል።

ገበያው ውስጥ ዋጋ የሚቈረጠው በዐይንና በእጅ ነው። ገዢው ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን በመዳፉ ያነሣል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ነጋዴው በአንድ ጧት ብዙ ወገብ ይጨብጣል፤ ገበሬው ገበያ የሚወጣው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ደላላ ይቆማል፤ ደላላውም ቢሆን ዘወትር የሚያየውን ሰው ማስቀየም አይወድም። በ2006 ዓ.ም. የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ወጥቷል፤ ሁለት በግ ለያዘው ሰው ግን እስካሁን ሚዛኑ ያው የገዢው መዳፍ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ሳንደብቅ እንናገር። በአንድ ግንቦት ቅዳሜ ለጓደኛችን መሸኛ ገንዘብ አዋጥተን በግ ልንገዛ ወጣን። ጧት አንድ ሽማግሌ ዋጋ ነገሩን፤ ተገቢ ዋጋ ነበር። አልከፈልንም። በጉን ይዘው እንደማይመለሱ ስለገባን ሻይ እየጠጣን እስከ ዐሥር ሰዓት ቆየን። ስንመለስ በጉ እዚያው ነበር፤ ባልነው ዋጋ ሰጡን። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቈጥረው ሲያበቁ፣ የማዳበሪያው መጋዘን ሰኞ ይከፈት እንደሆነ ጠየቁን። አናውቅም አልናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ የየዓመቱን ቀን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ የደብሩ ካህን አስቀድሞ ይናገራል። ሙክት ለማድለብ ሦስት ወር ያህል ይበቃልና፣ ከጥር ጀምሮ አተላና የጓያ ገለባ እየጨመሩ ይዘው ለፋሲካ ቢሸጡ የግንቦቱ ማዳበሪያ ገንዘብ ያን ጊዜ ይገኛል። ዓረፋም አለ፤ ቀኑ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም እሱንም መከታተል ያሻል። አምስት ስድስት ጎረቤት ዐሥር ሙክት አሰባስቦ ቢያወጣ ደግሞ ገዢው ራሱ ይመጣል።

ይህን ለአንድ ገበሬ ብንነግራቸው፣ «ሦስት ወር ስጠብቅ ቢሞትብኝስ? ብሩን ለግንቦት ሳስቀምጥ ልጅ ቢታመምብኝስ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የሚጠብቀው ሰው ለዚያ ሦስት ወር የሚደገፍበት ነገር ያስፈልገዋል። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ይህን ያህል አነስተኛ ብድር በበጉ ዋስትና መስጠት ይችሉ እንደሆነ የኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችን ቢመረምሩት እንወዳለን።

እኛ በበኩላችን ትንሽ ነገር አስበናል። በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሆነን ገበያ እየወጣን ሻጭ የፈቀደውን በግ መዝነን፣ ክብደቱንና የተሸጠበትን ዋጋ ጽፈን፣ በሳምንቱ በገበያው መግቢያ ላይ እንለጥፋለን። በግ የሚያነሣ የሚንጠለጠል ሚዛን ግን የለንም። በዘንዘልማ ግቢ ያላችሁ የግብርና መምህራን አንድ ብታውሱን፣ ከመጪው ቅዳሜ እንጀምራለን።