ማርያም ግምብን ፎቶ ስናነሣ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማጫውታችሁ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ስላለች የፈረሰች ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ማርያም ግምብ ነው። ጎርጎራን ብዙዎቻችን እናውቃታለን፤ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን፣ ዓሣችንን በልተን ተመልሰናል። ከወደቡ በጀልባ አልፎ ግምቡ ድረስ የሄደ ግን ጥቂት ነው።

ታሪኳን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ዐረፈ። አንዳንድ አስጎብኚ ይህን ግምብ ፓኤዝ በእጁ እንደሠራው ያወራል፤ አትመኑት። እሱ የሠራው በአሮጌው ጎርጎራ ነው፤ ይህኛው ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ። ይህ ሁሉ ድንጋይና ኖራ ያገለገለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ታቦት የለባትም፣ ካህን የለባትም፣ በዓሏን የሚያከብር ሰው የለም። ከምሥራቅ ጎጃሟ መርጡለ ማርያም ጋር አስተያዩአት። እዚያም ፍርስራሽ አለ፤ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው፣ በግራኝ ጦርነት የጠፋው፣ ኋላም ኢየሱሳውያኑ የገነቡበት። ግን ፍርስራሹ ያለው በምትቀደስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ካሜራ ይዛችሁ ስትገቡ አንድ መነኩሴ «ወዴት ነው?» ይላችኋል። ማርያም ግምብ ላይ የተቀበሉኝ ላሞች ናቸው። ሕዝቡን አልወቅስም፤ ያ ዘመን ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው፣ ሰው የእኔ የማይለውን ደግሞ አይጠብቅም። ቢሆንም ግንቡ የሀገር ግንብ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ ፎቶዎች አሉ። ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ብዙ ነገር እንደጎደለ ወዲያው ይታያችኋል። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ አንዱን ጥርብ ድንጋይ በእግሩ ነካ አድርጎ «ይቺ እኮ አምና ክረምት ነው የወደቀችው» አለኝ። እናንተዬ፣ ይህን የመዘገበ ሰው የለም! ልጁ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፎቶ ለማንሣት ጥር ወይም የካቲት ይሻላል፤ ሣሩ ደርቆ የግድግዳው እግር ይታያል። ጽጌረዳ የመሰሉት የድንጋይ ቅርጾች በቀትር ፀሐይ ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ ጠዋት ወይም ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን ብድግ ይላሉ። ሰው እያሳቀ የሚነሣበት ፎቶ ለትዝታ ጥሩ ነው፤ ለመዝገብ ግን ቁመቱ የታወቀ ዱላ ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጉ፣ ከዚያ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በየዓመቱ ያንኑ አንሡ። ስልካችሁ ይበቃል። አንዱ ፎቶ ከሌላው ጋር ግማሽ ያህል እንዲደራረብ አድርጋችሁ ዙሪያውን ካነሣችሁ፣ የምሕንድስና ልጆቻችን በኮምፒውተር ገጥመው ልኬት ያወጡበታል። ግድግዳው ላይ ግን አትውጡ! በሥር የተሰነጠቀ ግንብ ሰው አይችልም።

ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች እነዚህን ቦታዎች ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 መጽሐፍ አሳትመዋል። እሰየው ነው። ግን እነሱ መጥተው ይሄዳሉ፤ ክረምቱ በየዓመቱ ይመጣል። ፎቶ ምን ይጠቅማል ለምትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን አስመራ ላይ የነበረችውን ጥንታዊ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አንሥቶ፣ ለክቶና ነድፎ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኗ ኋላ ፈረሰች። ዛሬ አሠራሯን የምናውቀው በዋናነት ከዚያ መዝገብ ነው።

በተማሪነታችን ጊዜ በአውቶቡስ ጎርጎራ የወረዳችሁ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። አልበማችሁ ውስጥ ከኋላችሁ የቆመ ግድግዳ ይኖራል፤ እኔ የምፈልገው እናንተን ሳይሆን ግድግዳውን ነው፣ ይቅርታ። ከጀርባው ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን፣ ከቻላችሁም ከየት በኩል እንደተነሣ በእርሳስ ጻፉበት። ዋናውን አልወስድባችሁም። ስካነር ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ታገኙኛላችሁ።