ገና በሰኔ

ሰኔ ሲገባ እኛ ዘንድ ሰማዩ ይከብዳል፤ ገበሬው ሞፈሩን ያነሳል፣ ከተሜው ጃንጥላውን ይፈልጋል። በዚሁ ወር፣ በፊንላንድ ሰሜን ባለችው ሮቫኒየሚ ከተማ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ሰኔን ሙሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ደጅ ተቀምጦ ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል። ከከተማዋ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ወጣ ሲሉ የገና አባት መንደር ይገኛል። እዚያ ቀይ ልብስ የለበሰ፣ ጢሙ ደረቱን አልፎ የወረደ አዛውንት በቢሮው ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል። ገብቶ ለማነጋገር ገንዘብ አይከፈልም፤ የሚሸጠው ፎቶግራፉ ነው። ውጭ በረዶ የሚባል ነገር የለም። ሣሩ ለምልሟል፣ ቢምቢው ጆሮ ሥር ያፏጫል፣ ጎብኚው በቁምጣ ሆኖ አይስክሬም ይልሳል፤ ከየሱቁ የሚሰማው ግን የገና ዜማ ነው። ይህን ያየ ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ ይናደዳል። እኔ ሁለቱም ቸኩለዋል እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ገና ነኝ የምትልን ከተማ በትክክል ማየት የሚቻለው በዚሁ በሰኔ ነው። በታኅሣሥ በዓሉና ንግዱ አንድ ላይ ተደባልቀው አይለዩም፤ በእነሱ በጋ ግን ንግዱ ብቻውን ራቁቱን ቆሞ ይታያል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1944 መገባደጃ ላይ ከፊንላንድ ይወጣ የነበረው የጀርመን ጦር ላፕላንድ የሚባለውን የሰሜን ምድር እያቃጠለ ነበር የሸሸው። ሮቫኒየሚ ውስጥ ከነበሩት ሕንፃዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ወደሙ። የእንጨት ቤቶች ነበሩና፣ ከስደት የተመለሰው ነዋሪ ቆሞ ያገኘው የጡብ ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። በ1945 አልቫር አልቶ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት አዲሱን የከተማ ፕላን ነደፈ፤ መንገዶቹ ከላይ ሲታዩ የአጋዘን ራስና ቀንድ እንዲመስሉ፣ የስፖርት ሜዳው ደግሞ የአጋዘኑ ዓይን እንዲሆን አድርጎ። በ1950 ጁን 11፣ በእኛ ሰኔ 4 መሆኑ ነው፣ የሟቹ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት መልሶ ግንባታውን ለማየት መጡ። እንግዳዪቱ የአርክቲክ ክበብን ሳያዩ እንዳይመለሱ ተብሎ፣ ክበቡ በሚያልፍበት መንገድ ዳር የግንድ ጎጆ በጥድፊያ ተሠራላቸው። ያቺ ጎጆ ዛሬም አለች። የገና አባት መንደር የሚባለው ሁሉ፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም ፖስታ ቤቱም፣ በእሷ ዙሪያ የበቀለ ነው። እንግዲህ መሠረቱ የተጣለው በበጋ፣ ለበጋ እንግዳ ነው። የገና አባት እዚያ ሰፈር የገባው ከዚያ 35 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1984 ላፕላንድ የገና አባት ምድር ተብላ ታወጀች፤ በዚያው ዓመት ገና ላይ ኮንኮርድ አውሮፕላን ከብሪታንያ ጎብኚ ይዞ መጣ፤ በ1985 መንደሩ ተከፈተ።

የአሜሪካዋ ቢጤዋም ታሪኳ ከዚህ አይርቅም። በኢንዲያና ግዛት ሳንታ ክላውስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1856 ፖስታ ቤት ስትጠይቅ የመረጠችው ስም ለሌላ ከተማ ተሰጥቶ በመገኘቱ ነው ይህን ስም የያዘችው። በስሟ የተነሳ ልጆች ደብዳቤ ይልኩላት፣ ወላጆቻቸውን አስቸግረውም ይመጡ ነበር፤ ደርሰው ግን የገና አባትን ያጡታል። ሉዊስ ኮክ የተባለ ባለፋብሪካ ይህ የልጆች ቅሬታ ከነከነውና የመዝናኛ መናፈሻ ከፈተ። የተከፈተበት ቀን በ1946 ኦገስት 3 ነው። ልብ በሉ፤ ሙቀቱ በሚፋጅበት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበጋ ነው፣ በገና ዕለት ሁሉም ቤቱ ነው። ስለዚህ «ገናን በበጋ ምን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ተገልብጦ የተጠየቀ ነው። እነዚህን ከተሞች የወለዳቸው የበጋ መንገደኛ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው «ሁሉም ፈጠራ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ፈጠራ ነው፤ ፈጣሪውም የእኛው የሙያ ባልደረባ ነው። የፊንላንድ ሬዲዮ የልጆች ፕሮግራም አዘጋጅ የነበረው ማርኩስ ራውቲዮ፣ ልጆቹ «አጎት ማርኩስ» የሚሉት፣ በ1927 የገና አባት የሚኖረው ኮርቫቱንቱሪ በተባለው ተራራ ላይ ነው ብሎ በማይክሮፎን ተናገረ። ተራራው ከሩሲያ ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ያለ፣ ቅርጹ ጆሮ የሚመስል ነው፤ በዚያ ጆሮ የዓለምን ልጆች ሁሉ ይሰማል ተባለ። ድንበር በመሆኑ አናቱ ላይ ለመውጣት ዛሬም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እንግዳ መቀበያው ወደ ሮቫኒየሚ መምጣቱ ለዚህም የተመቸ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የፊንላንድ ገጠር የሚያውቀው ሌላ ፍጡር ነበር፤ የፍየል ቆዳ ደርቦ፣ ቀንድ ተክሎ፣ በየቤቱ እየዞረ አብሉኝ አጠጡኝ የሚል ሕፃናት የሚፈሩት እንግዳ። ስጦታ ተቀባዩ ስጦታ ሰጪ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ቀኑና የተናጋሪው ስም የሚታወቅ ተረት ከማይታወቀው ያነሰ ተረት አይደለም። ሁሉንም አንድ ሰው አንድ ቀን ጀምሮታል፤ የዚህኛውን ስም በአጋጣሚ እናውቀዋለን።

ይህን ስል ግን በተረትና በማጭበርበር መካከል ያለውን ድንበር ማፍረሴ አይደለም። በኢንዲያናዋ ከተማ በ1935 ገና ዕለት 22 ጫማ የሚረዝም የገና አባት ሐውልት ተመረቀ፤ ጠንካራ ግራናይት ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ሲሰነጣጠቅ ኮንክሪት ሆኖ ተገኘ። ይህ ተረት አይደለም፤ ይህ ዕቃ ሻጭ ገዢውን ማታለሉ ነው። በላፕላንድም ከዚህ የከፋ አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሳሚ ይባላል፤ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ልብስ አለው። ሳሚ ያልሆኑ ሰዎችን የሳሚ ልብስ አስመስሎ አልብሶ ለጎብኚ ማሳየት ለዓመታት የተለመደ ነበር። የፊንላንድ ሳሚዎች ፓርላማ በ2018 የቱሪዝም ሥነ ምግባር መመሪያ እስከማውጣት የደረሰው በዚህ ዓይነቱ ነገር ተማርሮ ነው። የገና አባት ማንንም አልበደለም፤ የሌላውን ሕዝብ ልብስ መነገጃ ማድረግ ግን በደል ነው። መንደሩ ውስጥ መሬት ላይ የተቀባው የአርክቲክ ክበብ መስመርስ? የምድር ዘንግ ስለሚዋዥቅ እውነተኛው ክበብ በዓመት 14 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይሸሻል፤ ቀለሙ ግን ባለበት አለ። ይህን ይቅር ልንለው እንችላለን፤ ቀለም ቀቢው በየዓመቱ እንዲያሳድደው አይጠበቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛ ቤት የሚነሳ ነው፤ ጠንካራውም እሱ ነው። በዓል ጣዕሙን የሚያገኘው ከጾሙ ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል ጾመ ነቢያትን የጾመ ሰው ታኅሣሥ 29 ማለዳ ላይ የሚያገኘውን ደስታ፣ በየቀኑ ገና ነው የሚባልበት ሱቅ ውስጥ አያገኘውም። ጾም የሌለው ፍስክ ምን ፍስክ ነው? ተቃውሞው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። የእኛው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ልደትን በዓመት አንዴ ብቻ አስባ አትተወውም፤ ወር በገባ በ29 በዓለ ወልድ ነው። ሰኔ 29ም ጭምር። ያን ቀን ማንም ዶሮ አላረደምና ልደቱ ረከሰ አይልም፤ ወርኃዊው መታሰቢያ ለዓመታዊው በዓል ቦታውን ትቶለታልና። ጥያቄው እንግዲህ «ደጋገሙት ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ዋናው በዓል ተረፈ ወይ?» ይሆናል።

ተርፏል። ለዚህ ማስረጃዬ ፊንላንዳውያን ራሳቸው ናቸው። በገና ዋዜማ ቀትር ላይ ከጥንታዊቷ ቱርኩ ከተማ የገና ሰላም አዋጅ ይነበባል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ሳውና ይሞቃል። ሲመሻሽ ቤተሰብ ወደ መቃብር ቦታ ይሄድና በሙታኑ ላይ፣ በበረዶው መሐል፣ ሻማ ያበራል። ሮቫኒየሚም እንደ ሌላው ናት። 40 ዓመት ያህል በገና አባት ስትነግድ ይህን ልማዷን ንግዱ አልነካባትም። በዓሉ ቤት ውስጥና መቃብሩ ላይ ነው፤ ንግዱ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የሚያሳስበኝ ይልቅ ገና ከኅዳር ወር ጀምሮ በየቤቱ፣ በየስልኩና በየገበያ አዳራሹ የሚገባባት፣ ለንግዱ የራሱ ሰፈር የሌላት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በየሆቴሉ መግቢያ ጥጥ እንደ በረዶ የተነሰነሰበት የፕላስቲክ ጥድ ሲቆም፣ ሮቫኒየሚ የሠራችውን ዓይነት አጥር ማን ሠርቶለታል?

እዚህ ላይ ላሊበላን የሚያነሳ አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሷም በገና ሰሞን በምእመን ትጥለቀለቃለች፣ በሌላው ወር አስጎብኚውና ሆቴሉ እንግዳ ይጠብቃል። ግን ማመሳሰሉ እዚያው ላይ ይቆማል። ላሊበላ ላይ ቤተ መቅደሱ ቀደመ፣ እንግዳው ተከተለ፤ ሮቫኒየሚ ላይ እንግዳዋ ቀደመች፣ የገና አባት ተከተለ። አንዷ የምታምነውን ታከብራለች፣ ሌላዋ የምትኖርበትን ሥራ ትሠራለች፤ ሥራዋን ሥራ ብላ እስከጠራችው ድረስ ነውር የለበትም።

ሥራ መሆኑም የሚገባን በበጋ ነው። 65,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ በደን፣ በዩኒቨርሲቲና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጭምር ትተዳደራለች። ፖስታ ቤቱ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የልጆች ደብዳቤ ይቀበላል፤ ሠራተኞቹ በየአገሩ ለይተው ሲደረድሩት መጋዘን እንጂ ተአምር አይመስልም። በክረምት ተንሸራታች ጋሪ የሚጎትቱት የሰሜን አጋዘኖች አብዛኞቹ በሰኔ መንደሩ ውስጥ የሉም፤ ቢምቢውን ሸሽተው ነፋስ ወዳለበት ወጥተው ይግጣሉ። እረኞቹ በብሩህ ሌሊት መንጋውን ወደ በረት ያስገቡና፣ ግልገሉ የትኛዋን እናት እንደሚከተል አይተው፣ ጆሮውን በስል ቢላ በባለቤቱ ምልክት ይቆርጡታል። ማንም ለዚህ ደወል አያስርም፣ ቀይ ቆብም አያደርግም። የገና አባት አጋዘን ባለቤት እንዳለውና ግብር እንደሚከፈልበት የሚገባን ያኔ ነው።

ክረምቱ የሚደብቀው ሌላም አለ። በታኅሣሥ ከተማዋ ከአቅሟ በላይ እንግዳ ይጎርፍባታል፤ መኖሪያ ቤቶች ለአጭር ጊዜ ኪራይ ስለሚዞሩ ለነዋሪው ቤት ጠፋ የሚል ቅሬታ በርክቶ፣ በ2024 ሰልፍ የወጡም ነበሩ። በጁላይ 2025 ደግሞ ያልተለመደ ሙቀት ሰሜን ፊንላንድ ላይ ለሳምንታት ቆየ፤ በየቦታው ከ30 ዲግሪ በላይ ተመዘገበ፣ አጋዘኖቹም ጥላ ፍለጋ ተንገላቱ። በረዶ የምትሸጥ ከተማ በረዶዋ የሚያሰጋት መሆኑን የሚያይ ጎብኚ በቁምጣ የሄደው ነው።

ስለዚህ በአውሮፓ ያላችሁ አድማጮች፣ ልጆቻችሁ የገና አባትን ካላየን ካሏችሁ በሰኔ ውሰዷቸው። ወረፋው አጭር ነው፣ የጎብኚው ግፊያም እንደ ታኅሣሥ አይደለም። የሩዝቬልትን ጎጆ አሳዩአቸው፣ ከተማዋ ተቃጥላ እንደነበረም ንገሯቸው፤ ልጅ ይህን የማይችል እንዳይመስላችሁ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ለዕለቱ ነው፣ ቀዩ ሣጥን ግን የገባበትን ፖስታ ካርድ እስከ ታኅሣሥ ያቆየዋል። ለአያት የሚላክ ካርድ ካለ ቀዩ ውስጥ ክተቱ፤ የሚደርሰው ለፈረንጆቹ ገና ነውና ለእኛው ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ይኖርበታል።