ዲጄ መሆን ለምትፈልጉ፦ መጠጥ ደመወዝ አይደለም

(ይህ ጽሑፍ አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብና የሚኒ ሚዲያ አባላት ካቀረቡት ንግግር የተወሰደ ነው።)



ስለ ዲጄነት እንዳወራችሁ የጋበዙኝ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ናቸው። የፀረ ኤድስ ክበቡ ሰብሳቢ ደግሞ "እግረ መንገድዎን ስለ ኤች.አይ.ቪም ጣል ያድርጉልን" ብላኛለች። እኔ ግን ሁለቱን ለያይቼ ማውራት አልችልም። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ እንግባባ፤ እኔ ዲጄ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ በናይት ክለቦችና በምሽት ቤቶች ተቀጥረው ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ነው፤ ከአስተናጋጆች፣ ከተወዛዋዦች፣ ከጥበቃ ሠራተኞችና ከዲጄዎች ጋር። ስለዚህ ማሽኑ ሲበራ ምን እንደሚደረግ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ የማውቀው ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ያለውን ነው። ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል፤ ሙዚቃው ቆሟል፤ አስተናጋጆቹ ወንበር እየገለበጡ ነው። ዲጄው ስንት ብር እንደሚከፈለው አያውቅም፤ በምን ወደ ቤቱ እንደሚሄድም አያውቅም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች ሰዓት ነው።

እንዲህ ባለ መድረክ ላይ "ክለብ የሚባል ቦታ ዝር እንዳትሉ!" መባል የተለመደ ነው። እናንተም ሰምታችሁ ሰልችቷችኋል፤ ፊታችሁ ላይ ይታያል። እኔ እንዲያ አልልም። ኤች.አይ.ቪ በጭፈራ አይተላለፍም፤ ከሞንታርቦ በሚወጣ ድምፅም አይተላለፍም። ዲጄነት እንደማንኛውም ሙያ እንጀራ የሚጋገርበት ሥራ ነው። ሰርግ ላይ አክስቶቻችሁ እስክስታ የሚወርዱት አንድ ልጅ ጥግ ቆሞ ስለሚሠራላቸው አይደል?

ለነገሩ የዚህ ሙያ አንዱ ትልቅ ታሪክ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ጋር በተያያዘ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፣ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጅ ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰው ልብስ መግዣ ፈለገች። በሚኖሩበት ሕንፃ መዝናኛ ክፍል ውስጥ ድግስ አዘጋጀች፤ መግቢያውን ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ቆረጠች። ሙዚቃውን የከፈተው የ18 ዓመት ወንድሟ ነበር። ዓለም ዛሬ ዲጄ ኩል ኸርክ ብሎ ያውቀዋል፤ ብዙዎች የሂፕ ሆፕን ልደት ከዚያች ምሽት ይቆጥራሉ። ሁሉም የሚያነሳው ወንድሙን ነው። እኔ ግን እህትየውን አደንቃለሁ። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ድግሱ ከመጀመሩ በፊት የወሰነችው እሷ ናት። ከማውቃቸው ዲጄዎች ውስጥ አብዛኞቹ ችሎታ አላቸው። የጎደላቸው ሲንዲ ናት።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ 18 ዓመት አልሞላችሁም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት አይፈቀድለትም። ስለዚህ "ና፣ ቅዳሜ ሌሊት ትሠራለህ" የሚላችሁ ሰው ገና ከመነሻው ሕግ እየጣሰ ነው። ሕግ ጥሶ የቀጠራችሁ ሰው ደመወዛችሁን አክብሮ ይከፍላል ብላችሁ ታስባላችሁ?

እስከዚያ ታዲያ ምን ትሠራላችሁ? ሚኒ ሚዲያው አለላችሁ! የእረፍት ሰዓት ሙዚቃ፣ የወላጆች ቀን፣ የትምህርት መዝጊያ፣ የጎረቤት ልደት፣ ቀን የሚደገስ ሰርግ። የማውቃቸው ጎበዝ ዲጄዎች ሁሉ በዚህ ያለፉ ናቸው። እነሱ የሚሉትን ላቀብላችሁ። መጀመሪያ መቁጠር ልመዱ። ሬጌውም፣ ሂፕ ሆፑም፣ ሃውሱም በአራት ይቆጠራል፤ ሃውስ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ይሄዳል። ችክችካ የምንለው የአማርኛ ዘፈን ምት ግን በስድስት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ ያገናኘዋል ብላችሁ አንዱን በሌላው ላይ ከጫናችሁት ጭፈራው ይሰበራል፤ ሰው እግሩ ይጠፋበታል። ልምድ ያላቸው ከአራቱ ወደ ስድስቱ ሲሻገሩ ከበሮ የሌለበትን የዘፈን መግቢያ ይጠቀማሉ ወይም በአንድ ጊዜ ቆርጠው ይገባሉ። ደግሞ ቤቱ ገና ሳይሞላ ተወዳጆቹን ዘፈኖች የሚጨርስ ዲጄ እኩለ ሌሊት ላይ ምን ሊያሰማ ነው? ስለ ሙዚቃው ይህ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። 18 ሞላችሁ እንበል፤ አንድ ቤት "እንሞክርህ" አላችሁ። ደስታው አይጣል ነው። ስማችሁ ፖስተር ላይ ሊወጣ ነው፤ ጀለሶቻችሁ ሊያዩአችሁ ነው። በዚህ ደስታ ውስጥ ሆኖ "ስንት ትከፍለኛለህ?" ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። "በኋላ እንነጋገራለን፣ አንተ ብቻ ሥራህን አሳየን፤ እስከዚያ የፈለግከውን ጠጣ፣ ቤቱ ያንተ ነው" ይባላል። ይቺ "የፈለግከውን ጠጣ" የምትባለው ነገር ብዙ ልጅ በልታለች።

አንድ የ20 ዓመት ወጣት አለ፤ እንድናገር ስለፈቀደልኝ ነው የማነሳው፤ ስሙና የሠራበት ቤት ይቅሩ። በቃል ተስማምቶ አንድ ወር ሙሉ በሳምንት አራት ሌሊት ሠራ። ደንበኞች "ይቺን ዘፈን ክፈትልኝ" እያሉ ቢራ ይልኩለታል፤ እሱ የሚከፍሉት እነሱ ይመስለዋል። በወሩ መጨረሻ ባንኮኒው ላይ በስሙ የተጻፈ ደብተር ወጣ። ግማሽ ደመወዙ ተጠጥቷል ተባለ። መከራከሪያ ወረቀት የለውም። ሌሊት ላለመተኛት ቀን ጫት ይቅማል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ይጠጣል፤ ለላዳ የሚከፍለው ስለሌለው ከሥራ በኋላ መኪና ያለው ሰው ወደሚሄድበት ይሄዳል። አንድ ጠዋት በማያውቀው ቤት ነቃ። ከማን ጋር እንዳደረ፣ ኮንዶም ይኑር አይኑር፣ ፈቅዶ ይሁን ሳይፈቅድ አያስታውስም።

እስቲ ልብ በሉ። ይህ ልጅ ስለ ኤች.አይ.ቪ ያልተማረ ነው? የመተላለፊያ መንገዶቹን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ይደረድራቸዋል፤ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበር። ያልነበረው እውቀት ሳይሆን የላዳ ገንዘብ ነው። እኛ ባለሙያዎች ለዓመታት "ከአቻ ግፊት ተጠበቁ" ስንል ቆይተናል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባዶ ኪስ ከማንኛውም አቻ በላይ ይገፋል።

ስለዚህ ማሽን ከመንካታችሁ በፊት የምትነጋገሩት ስለዚህ ነው። ስንት ነው ክፍያው፣ በሌሊት ነው ወይስ በወር? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ማሽኑ ቢበላሽ የማን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲያልቅ በምን ነው ቤቴ የምገባው? የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከደመወዝ ተለይቶ፣ ሥራ ሳይጀመር በእጅ ይሰጥ። ይህን የጠየቀ ልጅ ተባረረ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አዎ፣ ይደርሳል። ያን የመሰለ ቤት ቢቀር ይሻላል። ሕጉም ያግዛችኋል። ውላችሁ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ አድርጎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት። ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚከፈለው፤ በዓይነት የሚከፈለው ሁለታችሁም ስትስማሙ ብቻ ነው። እንዲያውም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። እንግዲህ የ19 ዓመት ዲጄ በቢራ ሲከፈለው፣ ሊሸጥለት የማይገባውን ነገር ደመወዝ ብሎ እየተቀበለ ነው ማለት ነው!

ደንበኛ መጠጥ ሲልክስ? "አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ" በቂ ነው። አንዳንዶቹ ውኃ በብርጭቆ አስቀምጠው ብርጭቆውን ወደ ደንበኛው ከፍ ያደርጋሉ፤ ማንም አይቀየምም። ብርጭቋችሁን ትታችሁ ከሄዳችሁ ግን ተመልሳችሁ አትጠጡት።

ለሴት ልጆች ለየት አድርጌ ልናገር። ሴት ዲጄዎች እየመጡ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ብዙ ቤት ሴት ዲጄ ስትቀጠር ከሙዚቃው ሌላ ነገር ይጠበቅባታል፤ "ከእንግዶቹ ጋር ትንሽ ተቀመጪ፣ ደንበኛ እንዳይከፋ" ይባላል። ይህ የዲጄ ሥራ አይደለም፤ መጀመሪያ ቀን ሲጠየቅ የመጀመሪያ ቀን ነው እምቢ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአገራችን ከተሞች በተካሄደው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው 3.0 በመቶ ነበሩ፤ ሴቶቹ ለብቻ ሲታዩ 4.1 በመቶ፣ ወንዶቹ 1.9 በመቶ። ይህ ልዩነት የመጣው ሴቶች ዝንጉ ስለሆኑ አይደለም። "ኮንዶም ካልተጠቀምን አይሆንም" ለማለት የራስ ገንዘብና የራስ መመለሻ ስለሚያስፈልግ ጭምር ነው። በተቻለ መጠን ከሚያውቃችሁ ሰው ጋር ሂዱ፤ የታክሲውን ታርጋ ለእህት ወይም ለጓደኛ ላኩ። ለወንዶቹም ያው ነው። "ወንድ ምን ይሆናል" የሚለው አባባል እኔ ቢሮ ብዙ ወንዶችን በእንባ አስቀምጧል።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ፤ ምን ሆነ እንዳትሉኝ። በማግስቱ መጣ። በ72 ሰዓት ውስጥ ስለነበረ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ለቫይረሱ ተጋልጠው ሊሆን ለሚችሉ ሰዎች የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለ። ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በዚያው ቀን ቢጀመር ይመረጣል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። ልጁ ጨረሰ፤ በሦስተኛው ወር ተመርምሮ ነፃ ሆነ። ዛሬ ሌላ ቤት ይሠራል፤ ኪሱ ውስጥ የተፈረመ ወረቀትና የራሱ ኮንዶም አለው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ሱቅ ክፍት አይሆንማ። በስድስት ወር አንዴ ይመረመራል። ጫቱን ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ እየታገለ ነው።

ስለ ጆሯችሁም በአጭሩ። በሥራ ቦታ 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቀር ራሳችሁ አስሉት፤ የሒሳብ መምህራችሁ ይደሰታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የመዝናኛ ቤቶች አማካይ ድምፅ ከዚሁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። በድምፅ ብዛት የደነቆረ ጆሮ በመድኃኒት አይመለስም፤ ማታ ከሥራ ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው ካለ ማስጠንቀቂያ ነው። የጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ ሞንታርቦውን ወደ ራሳችሁ አታዙሩ።

ከላካችሁልኝ ወረቀቶች ውስጥ ሁለት ልመልስ። አንደኛው "ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ዲጄ መሆን ይችላል ወይ?" ይላል። ይችላል፤ አሉም። ለሥራ ተብሎ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ማስገደድ አይቻልም፤ በዚህ ምክንያት ሠራተኛን መለየትም በሕግ የተከለከለ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ለሌሊት ሠራተኛ ችግሩ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። አንዷ የማውቃት የምትወስደው ማታ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ኬብል ስታገጣጥም ነው፤ ስልኳ ይጮኻል፣ ትውጣለች፣ ትቀጥላለች።

ሁለተኛው ወረቀት "ጥሩ ማሽን ስንት ብር ነው?" ይላል። እሱን ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ትቼዋለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።