ሐኪም እጅ ከመድረሱ በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሕፃናት ሕክምና ለመናገር ሲቆም «ከሙያው ውጭ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን አደጋ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ከሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ የሐኪሙ ሳይሆን በአጠገቡ የተገኘው ሰው ነው። ከከተማ በራቀ የሥራ ቦታ ደግሞ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ከእኛው አንዱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ለሙሌት የሚሆን አፈር ያወጣንበት ጉድጓድ ሳይደፈንና ሳይታጠር ክረምት ገባና ውኃ ሞላው። አንድ ቀን ከብት ይጠብቅ የነበረ የስድስት ዓመት ያህል ልጅ ገባበት። ጩኸት ሰምተን ደርሰን አወጣነው፤ ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። አንዱ እግሩን ይዞ ቁልቁል ዘቀዘቀው፤ ሌላው ሆዱን ተጫነው። እኔም መኪናውን አስነሥቼ የቻልሁትን ያህል ነዳሁ። ጤና ጣቢያው ለመድረስ 40 ደቂቃ ፈጀብን። ልጁ አልተረፈም። መኪናው ጥሩ ነበር፤ መንገዱንም የሠራነው እኛው ነን። ነገር ግን በእነዚያ 40 ደቂቃዎች ውስጥ በልጁ ሳንባ አንዲት እስትንፋስ ያስገባ ሰው አልነበረም። ጉድጓዱንም የቆፈርነው እኛ ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን በመጠየቅና በማንበብ የተረዳሁት ዋና ነገር፣ ሕፃን ትንሽ ዐዋቂ አለመሆኑን ነው። የዐዋቂ ልብ በድንገት ሲቆም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የልብ ሕመም ነው። የሕፃን ልብ ግን በአብዛኛው የሚቆመው አስቀድሞ አየር ሲያጣ ነው። አንጎል ያለ አየር የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ የፈጠነ መኪና የዘገየን እስትንፋስ ሊተካ አይችልም።

የቀረውን የራሳችን ሙያ ያስረዳናል። የቱቦ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የፍሰቱ ተቃውሞ 16 እጥፍ እንደሚሆን ከፑዋዜይ ሕግ ሁላችንም ተምረናል። 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአየር ቧንቧ ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ ተቃውሞው ወደ 3 እጥፍ ገደማ ያድጋል። 4 ሚሊሜትር የሆነው የጨቅላ ሕፃን ቧንቧ በዚያው መጠን ቢያብጥ ግን 16 እጥፍ ይሆናል። ደምም እንዲሁ ነው። ሕፃን በአንድ ኪሎ ክብደት 80 ሚሊሊትር ያህል ደም አለው። ስለዚህ የ10 ኪሎ ሕፃን 200 ሚሊሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል ቢፈሰው ሩብ ደሙን አጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከውኃ የወጣና የማይተነፍስ ልጅ አይዘቀዘቅም፤ ሆዱም አይጫንም። ይህ ጊዜ ያባክናል፤ በሆዱ ያለውንም ወደ ሳንባው ሊያስገባ ይችላል። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ድረስ 5 ጊዜ እስትንፋስ መስጠት ይገባል። የሕይወት ምልክት ካልታየ የደረቱን መካከል የጥልቀቱን ሲሶ ያህል 30 ጊዜ ፈጥኖ መጫን፣ ከዚያም 2 ጊዜ እስትንፋስ መስጠት፣ ይህንኑ ሳያቋርጡ መደጋገም ነው። ሥራው እዚያው ይጀመር፤ እርዳታ የሚጠራውና መኪና የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው ይሁን። በእሳት ወይም በፈላ ውኃ የተቃጠለ ልጅም ቢሆን ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ቁስሉ በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዘቅዛል።

ይህን በጆሮ መስማት ብቻውን አይበቃም፤ እጅ መልመድ አለበት። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገሮችን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ሹፌር ሆኖ፣ የሕፃናትን ጨምሮ የመጀመሪያ እርዳታ ይሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ የቅርቡ ጤና ጣቢያና የአምቡላንስ ስልክ፣ ከሥራው ቦታ ያለው ርቀትና የመንገዱ ሁኔታም ጭምር፣ ሥራ በተጀመረበት ቀን ተጽፎ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ክረምት ሳይገባ ይደፈን፤ ካልተቻለ ይታጠር። ይህ ሳይፈጸም ማናችንም በርክክብ ሰነድ ላይ አንፈርም።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው አደጋ ከደረሰ በኋላ ይረዳሉ። ሦስተኛው ግን አደጋው ራሱ እንዳይደርስ የሚያደርግ ነው፤ እርሱም ከማንም ይልቅ የእኛ ሥራ ነው። የዚያ ልጅ እናት በጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ «ምን አደረጋችሁለት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ሌላ እናት እንዲህ ብላ ከእናንተ አንዱን ብትጠይቅ የሚመልሰው እንዲኖረው እመኛለሁ።