ቅጠል የመገቡ ሰዎች፦ ግዙፍ ሐር ሠሪ የእሳት ራቶችን የማሳደግና የመለየት ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ሳተርኒዴ ስለሚባለው የእሳት ራት ቤተሰብና እነዚህን ፍጥረታት በቤታቸው፣ በጓሯቸው፣ አንዳንዴም በመኝታ ክፍላቸው ስላሳደጉ ሰዎች ነው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ከ2,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል። በእስያ የሚኖረው አትላስ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የጎልማሳ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ተዘርግቶም አይሸፍነውም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

አቋሜን ሳልደብቅ ልጀምር። ስለ እነዚህ የእሳት ራቶች ከምናውቀው ውስጥ ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት በመርፌ ወግተው በመሳቢያ የደረደሯቸው ሰዎች አይደሉም፤ ቅጠል እየቆረጡ የመገቧቸው ናቸው። ምክንያቱ ከፍጥረቱ አኗኗር የመጣ ነው። ክንፍ ያወጣው የእሳት ራት እህል ውኃ አይቀምስም፤ የሚሠራ አፍ የለውም። አባጨጓሬ ሳለ ባጠራቀመው ስብ አንድ ሳምንት ያህል ይኖርና ዘሩን ተክቶ ይሞታል። ስለዚህ በመሳቢያ ያለው የደረቀ ክንፍ የሚመሰክረው ለዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ምን ሲበላ እንዳደገ፣ ስንት ጊዜ ቆዳውን እንደለወጠ፣ ከሐር የሚሠራውን ሽፋን፣ ኮኩኑን፣ ከቅርንጫፍ ላይ ይሥራው ከወደቀ ቅጠል መሐል፣ የሚያውቀው ያሳደገው ሰው ነው።

የሰሜን አሜሪካውን ሴክሮፒያ እንመልከት። ከእንቁላሉ ሲወጣ ጥቁርና ጠጉራም ነው፤ ርዝመቱም ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ቆዳውን ሲለውጥ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ደግሞ ሲለውጥ አረንጓዴ ይሆናል። በመጨረሻ ከአውራ ጣት የሚወፍር አባጨጓሬ ሆኖ ቅርንጫፉን ጨብጦ ስታገኙት፣ ጀርባው ላይ ከራሱ በኩል ቀያይ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቢጫ፣ በጎኑ ደግሞ ሰማያዊ እንክብሎች ተሰድረውበታል፤ በእያንዳንዱ እንክብል ላይ ጥቃቅን ጥቁር እሾሆች አሉ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ትሎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። አዮ የሚባለው ደግሞ በሌላ መንገድ ያሳስታል። የወንዱ የፊት ክንፍ ቢጫ፣ የሴቷ ቀይ ዳማ ነው፤ ከአንዲት እናት እንቁላል ሲፈለፈሉ ያላየ ሰው አንድ ዘር ብሎ ለመፈረም ይቸገራል።

ማሳደጉ በአውሮፓውያን አልተጀመረም። በሕንድ የአሳም ገበሬዎች ሙጋ የሚባለውን ወርቃማ ሐር የሚሰጠውን አባጨጓሬ ከነዛፉ እየጠበቁ ለዘመናት አርብተውታል፤ በቻይና ሻንዶንግም በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚያድገው ዘመዱ እንዲሁ ይረባል። ለእነሱ ነገሩ እንጀራ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ግን ለማወቅ ብቻ ተብሎ የተደረገ ማሳደግ ብቅ ሲል፣ ከፊት የምናገኘው ፍራንክፈርት ላይ በ1647 የተወለደችውን ማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን ነው። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አባጨጓሬዎች ዞረች። በዚያን ጊዜ ትል ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራል የሚል እምነት ገና አልጠፋም። እርሷ እንቁላሉን፣ አባጨጓሬውን፣ ፑፓውን (አባጨጓሬው ወደ ክንፋም የሚለወጥበትን ደረጃ) እና ክንፋሙን ከሚበላው ተክል ጋር በአንድ ገጽ ላይ መሣል ጀመረች። ዛሬ ተራ የሚመስለን ይህ አቀራረብ ያኔ አዲስ ነበር።

በ1699፣ ዕድሜዋ 52 ሲሆን፣ ታናሽ ልጇን አስከትላ በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደ ሱሪናም ተሻገረች። የሸንኮራ ባለርስቶች ከስኳር ሌላ ነገር ትፈልጋለች ብለው ይስቁባት እንደነበር ራሷ ጽፋለች። ጫካውን በመጥረቢያ እየመነጠሩ መንገድ የከፈቱላት ባሮች ነበሩ፤ ስለ ተክሎቹና ስለ ትሎቹ ብዙ ነገር የነገሯት እነሱና የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ስማቸው ግን አልተጻፈም። በ1705 አምስተርዳም ላይ ባሳተመችው፣ 60 ሥዕሎች ባሉት መጽሐፍ ውስጥ ከሳተርኒዴ ቤተሰብ የሆነ ትልቅ የእሳት ራት ከነአባጨጓሬው ይገኛል። የሚፈትለው ክር ጠንካራ ስለሆነ ለሐር ይበጃል ብላ አስባም ነበር።

የሌሎቹ ሥራ ግን ከመሳቢያው አልወጣም። የለንደኑ መድኃኒት ቀማሚ ጄምስ ፔቲቨር በ1700 ሉና የምንለውን አረንጓዴ ባለጭራ የእሳት ራት ከአሜሪካ በደረሰው ናሙና ገለጸው፤ ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ለሉናም፣ ለአትላስም፣ ለሴክሮፒያም ዛሬ የምንጠራባቸውን ስሞች ሰጠ። ስም መስጠቱ አስፈላጊ ነበር፤ አልክድም። አባጨጓሬዎቹ ግን አብዛኞቹ ገና ያልታወቁ ነበሩ።

አሁን ብዙ ጊዜ ልወስድበት ወደምፈልገው ሰው ልምጣ። ኤቲየን ሌኦፖልድ ትሩቬሎ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር፤ ሉዊ ናፖሊዮን በ1851 ሥልጣን በኃይል ከያዘ በኋላ አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ሰፈረ። ጊዜው የአውሮፓ ሐር በበሽታ የተመታበት ነው፤ ሳይንቲስቱ ፓስተር ራሱ በ1865 የሐር ትል በሽታን እንዲመረምር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተልኳል። በየአገሩ ያሉ አሳዳጊዎች ምትክ የሚሆን ትል ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ እንግሊዝ ውስጥ ሌዲ ዶሮቲ ኔቪል አይላንተስ በሚባል ዛፍ የሚያድገውን የቻይና ትል እያሳደገች በ1862 መጽሐፍ እስከ ማውጣት ደርሳለች። ትሩቬሎ ደግሞ የመረጠው ፖሊፊመስ የሚባለውን የአሜሪካ ትል ነው። በጥቂት አባጨጓሬዎች ጀምሮ በ1865 ሁለት ሄክታር በሚያህል ቁጥቋጦ ላይ መረብ ዘርግቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ትል ማሳደጉን ጽፏል። መረቡ ወፍ ለመከላከል ነበር።

በ1867 ያሳተመውን ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚያስነብበው ግን የትሉ ብዛት አይደለም፤ የመዘነው ነገር ነው። አንዱን አባጨጓሬ ከተፈለፈለበት ቀን አንሥቶ እየመዘነ ተከታተለው። በ56 ቀን ውስጥ ከ120 ያላነሰ የባሉጥ ቅጠል በልቶ ጨረሰ፤ የበላው ሁሉ ሲደመር ሲወለድ ከነበረው ክብደት 86,000 እጥፍ ሆነ። ይህን ቁጥር ያገኘው ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ሊቅ አይደለም፤ በየቀኑ ቅጠል የሚቀይር ሠዓሊ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ትሩቬሎን በሙሉ አፌ ባመሰገንኩት ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ ለሐር ይሆናል ብሎ ከአውሮፓ ሌላ የእሳት ራት አስመጣ፤ ሳተርኒዴ አይደለም፤ በአሜሪካ ጂፕሲ ሞዝ እየተባለ የኖረው ነው። ጥቂቶቹ ከግቢው አመለጡ። እርሱ ትል ማሳደጉን ትቶ ወደ ሥነ ፈለክ ዞረ፤ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ፕላኔቶችን እየሣለ ስሙ ተጠራ፤ ጨረቃ ላይ እንኳ በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። በ1882 ፈረንሳይ ተመልሶ ገባ። በ1889 ሜድፎርድ በአባጨጓሬ ተወረረች፤ ዛፎቹ ቅጠል አልባ ሆኑ፤ ትሉ በቤት ግድግዳ ላይ ይርመሰመስ ነበር። ያ ተባይ ዛሬም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ደን ላይ አለ።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ተባዩን ለማጥፋት በ1906 ከአውሮፓ አንድ ጥገኛ ዝንብ ተለቀቀ፤ እጩን አባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ ያስገባል፤ እጩም ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ዝንቡ ግን አልመረጠም። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴክሮፒያን ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ አውጥተው ያዩትን በ2000 ሲያሳትሙ፣ በመጀመሪያዎቹ የዕድገት ደረጃዎች ከሞቱት አባጨጓሬዎች ከአምስቱ አራቱን ያህል የገደለው ይኸው ዝንብ መሆኑ ታወቀ። ለጥናቱ የሚሆኑትን አባጨጓሬዎች ማሳደግ የሚችል ሰው ባይኖር ኖሮ ይህም ባልታወቀ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሕያው የእሳት ራት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ለማሻገር የግብርና መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ የሚያስጠይቀው ሕግ አሳዳጊዎችን ያማርራል፤ እኔ ግን የሜድፎርድን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ከሕጉ ጎን ነኝ።

ፈረንሳዊውን የነፍሳት ተመራማሪ ፋብርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ደቡብ ፈረንሳይ ቤቱ ውስጥ ታላቁ ፒኮክ የሚባለው የእሳት ራት አንዲት ሴት ከኮኩኗ ወጣች፤ በወንፊት ክዳን ሸፈናት፤ በዚያው ሌሊት 40 ያህል ወንዶች በመስኮት ገቡ። በዓይን እንደማይመጡ፣ በጠረን መሆኑን ለመረዳት ብዙ ለፋ። ይህን የብዙ ሰው ጽሑፍ አትቶታል፤ አልደግመውም።

አሜሪካ ውስጥ የትርፍ ጊዜ ማሳደጉን ያደላደሉት በብዛት ሴቶች ናቸው። አይዳ ኤሊዮትና ካሮላይን ሶል በ1902 ያሳተሙት መጽሐፍ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ራሳቸው ባሳደጓቸው አባጨጓሬዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቋንቋው ደረቅ፣ ምልከታው ግን የታመነ። ጂን ስትራተን ፖርተር ደግሞ ኢንዲያና ውስጥ ሊምበርሎስት ከሚባል ረግረግ አጠገብ ትኖር ነበር። በ1909 በወጣው ልቦለዷ አንዲት ድሃ ልጃገረድ የእሳት ራት እየሰበሰበች ሸጣ ትማራለች፤ በ1912 ደግሞ ራሷ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች የያዘ የእሳት ራት መጽሐፍ አወጣች። ረግረጉ ያኔ ለእርሻ እየተጠነፈፈ ነበር። እንደ ሳይንስ ሰው ኤሊዮትንና ሶልን አስበልጣለሁ፤ ልብ የሚሰርቀው ግን የፖርተር ነው።

የሃርቫርዱ ካሮል ዊሊያምስ በ1940ዎቹ ሴክሮፒያን የመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ፑፓው ለቀዶ ጥገና የሚበቃ ትልቅ ነው። አሳዳጊዎች ድሮም ያውቁት የነበረ ነገር አለ፦ ፑፓው ብርድ ካላየ በጊዜው አይነቃም። ዊሊያምስ ለምን ብሎ ጠየቀ። ብርድ ያየውን ፑፓ አንጎል አውጥቶ ብርድ ላላየው ተከለለት፤ ተኝቶ የነበረው ነቅቶ ክንፍ አወጣ። ቁስሉን በፕላስቲክ መስኮት ይሸፍነው ስለነበር ውስጡን በዓይኑ ይከታተል ነበር። በ1956 ደግሞ ነፍሳትን በልጅነት የሚያቆየውን ሆርሞን ከወንድ ሴክሮፒያ ሆድ አወጣ። ከዚያ የተነሣው ምርምር ተባይ እንዳያድግ የሚያደርጉ ኬሚካሎችን አስገኝቷል።

መለየቱስ? ለረጅም ጊዜ በክንፍ ቀለም፣ ቀጥሎም ተራክቦ አካልን በማጉያ መነጽር በመመርመር ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ለሜር የአሜሪካን አህጉር ሳተርኒዴዎች ከ1978 እስከ 2002 በተከታታይ ቅጾች አቀረበ። ከዚያ ዲኤንኤ መጣ። ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን የኮስታሪካው ጓናካስቴ ነው፤ እዚያ ተመራማሪው ዳንኤል ጃንዘን ከ1978 ጀምሮ፣ በኋላም የአካባቢውን ሰዎች አሠልጥኖ አብረውት፣ አባጨጓሬ ከጫካ እያመጡ ያሳድጋሉ። በ2004 አንድ ዝርያ ሲባል የኖረ ቢራቢሮ ቢያንስ አሥር ዝርያ መሆኑን አሳወቁ። ክንፋሞቹ ይመሳሰላሉ፤ አባጨጓሬዎቹ ግን ቀለማቸውም የሚበሉት ተክልም የተለያየ ነበር። ዲኤንኤው አሳዳጊዎቹ የጠረጠሩትን አጸና።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ አንድ ሳተርኒዴ እጃችን ላይ አለ። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚያጠናው ኤሪ የሐር ትል ከአሳም የመጣ፣ በሰው እጅ ብቻ የሚኖር ዝርያ ነው። የሚበላው ጉሎ ነው፤ የጉሎ መነሻ ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ኢትዮጵያ እንደሆነ የእጽዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው አባጨጓሬ የሚሠራው ኮኩን በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ የእሳት ራቱ ክሩን ሳይበጥስ ይወጣል። ሐሩ እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል፤ አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር በእጅ የተፈተለ ኤሪ ሐር ይሸምናል።

የዱር ዘመዶቹን የአባጨጓሬ መልክና የሚበሉትን ተክል በአማርኛ የመዘገበ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በግቢያችሁ ባለ ዛፍ ላይ ትልቅ አባጨጓሬ ስታገኙ፣ በተለይ መምህራን የሆናችሁ፣ አየር በሚገባው ሣጥን አድርጉት፤ ያገኛችሁበትን የዛፉን ቅጠል በየቀኑ ስጡት፤ የዛፉን ስም፣ ቀኑንና ቆዳውን የለወጠበትን ጊዜ በደብተር ጻፉ፤ በየደረጃው ፎቶ አንሡት። ክንፍ ሲያወጣ እዚያው ያገኛችሁበት ቦታ ልቀቁት። ከውጭ የመጣ ዝርያ ግን ከቤት እንዳይወጣ።